ፎረስት ግሌን ለምን ኤስካሌተር የለውም? ዩ ስትሪትስ ለምን ቅርብ ሆነ?

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም ቤተሰብ። አሜሪካ ከገባሁ አምስት ወሬ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ፎረስት ግሌን አጠገብ ነው። የዛሬው ጥያቄዬ የወረቀት ወይም የሥራ አይደለም፣ በእሱ ሌላ ቀን አስቸግራችኋለሁ። የሜትሮ፣ የዋሽንግተን ዲሲው ምድር ውስጥ ባቡር፣ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ዲሲ ወረድኩ። ልትጠይቀኝ መጥታ ሦስት ሳምንት ቢሆናትም ከቤት አልወጣም ብላኝ ነበር። ዊተን ጥቂት ነገር የምንገዛው ስለነበር ከዚያው ተሳፈርን። ኤስካሌተሩ አፋፍ ላይ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ ታች አየች፤ መጨረሻው አይታይም። አማተበችና «ልጄ፣ ይሄ ወዴት ነው የሚወስደን? ሲኦልም እንዲህ አይርቅም» አለችኝ። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። እንደምንም አግባብቼ አስረገጥኳት፤ ክንዴን ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «በስመ አብ» እያለች ወረደች። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ሦስት «አቡነ ዘበሰማያት» ያስደግማል።

ታች ስንደርስ ደግሞ ጣቢያው ጠባብ ነው። ባቡሩ በአንድ ቱቦ ውስጥ ብቻውን ይመጣል፣ የወዲያኛው አቅጣጫ ባቡር የት እንዳለ እንኳን አይታይም። ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው መስመር ቀይረን ዩ ስትሪት ስንወርድ ግን ሌላ ዓለም ሆነብን። አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። ሐዲዶቹ መሀል ላይ ናቸው፣ ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ይተያያል፣ ከላይ ግዙፍ ቅስት ጣሪያ። ትንሽ ወጣ እንዳልን ሰማይ አየን። ያው በስህተት በ13ኛው ጎዳና በኩል ወጥተን ወደ 9ኛው፣ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ፣ በእግር ተመለስን። እናቴ እስካሁን ትናገረኛለች።

የእኔው ፎረስት ግሌን ደግሞ ጭራሽ ኤስካሌተር የለውም፣ በአሳንሰር ብቻ ነው። የአንድ ከተማ ሜትሮ ሆኖ ለምን እንዲህ ተለያየ? ገንዘብ አልቆባቸው ነው? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ለእናቴም የምነግራት ነገር ይኑረኝ።


አለት_ወዳጇ፦

እናትህ አልተሳሳቱም። የዊተን ኤስካሌተር ርዝመቱ 70 ሜትር ነው፣ በእነሱ አለካክ 230 ጫማ። በአንድ ወጥ ዝርጋታ ከተሠሩት ውስጥ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ፣ ከካናዳ እስከ አርጀንቲና ማለት ነው፣ የሚበልጠው የለም። ቀጥ ብሎ ቢለካ የሚያወርድህ 35 ሜትር ነው።

ያንተው ፎረስት ግሌን ይብሳል። 60 ሜትር ገደማ ታች ነው፤ ከዲሲ ሜትሮ ጣቢያዎች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። 21 ፎቅ ያለው ሕንፃ መሬት ውስጥ እንደ መቅበር ቁጠረው። አሁን እስቲ አስላው። ኤስካሌተር የሚተኛው በ30 ዲግሪ ስለሆነ ርዝመቱ የከፍታው እጥፍ ይወጣል። ለ60 ሜትር 120 ሜትር ኤስካሌተር ያስፈልግህ ነበር። በዊተኑ ፍጥነት ከአራት ደቂቃ በላይ ቆመህ ትሄዳለህ፣ እናትህም ጸሎታቸውን ጨርሰው ውዳሴ ማርያም ይጀምሩ ነበር። የተበላሸ ቀንስ? ማን በእግሩ ይወጣዋል? ስለዚህ ስድስት ፈጣን አሳንሰር አስገቡበትና ጉዳዩን ዘጉት።

ለምን እንዲህ ጠለቀ የሚለው የመሬት ነገር ነው። ዲሲ የተቀመጠችው ሁለት ዓይነት መሬት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ጠንካራ አለት፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወንዝና ባሕር ያመጣው አሸዋ፣ ጭቃና ጠጠር። የፖቶማክ ወንዝ ግሬት ፎልስ ላይ የሚንደረደረው ከዚሁ አለት ላይ ሲወርድ ነው። የናንተ ሰፈር ከአለቱ ወገን ነው፣ ግን ከላይ ላዩ በውሃና በዘመን ብዛት የላላ የበሰበሰ አለት አለው። እሱን ቆርሰህ ትልቅ ዋሻ ልክፈት ብትል ጣሪያው ይናድብሃል። ስለዚህ ጤነኛው አለት እስኪገኝ ድረስ ወረዱ። በዚያ ላይ ባቡር ዳገት አይወድም። የሜትሮው ሐዲድ በመቶ ሜትር ጉዞ ከአራት ሜትር በላይ እንዳይወጣ ነው የተነደፈው፤ ላይ ኮረብታው እንደ ልቡ ሽቅብ ሲሄድ፣ ታች ሐዲዱ ቀስ እያለ ነው የሚከተለው። በመሀላቸው የተፈጠረውን ልዩነት የምትከፍለው አንተ ነህ፣ በኤስካሌተር ላይ ቆመህ።

ጠባብ ስላልከው ደግሞ፣ ትክክል አይተሃል። በአለት ውስጥ አንድ ሰፊ አዳራሽ መፈልፈል ውድ ነው። ቀደም ብለው እነ ዱፖንት ሰርክል ጣቢያን እንደዚያ ሠርተዋቸዋል። ዊተንና ፎረስት ግሌን ላይ ሲደርሱ ግን ወጪ ለመቀነስ አንዱን ትልቅ ቅስት ትተው ሁለት ትንንሽ ቱቦ ጎን ለጎን ቆፈሩ፤ ለየአቅጣጫው አንዳንድ፣ በመካከላቸው መተላለፊያ። ለዚህ ነው የወዲያኛው ባቡር የማይታይህ። በመላው ሜትሮ እንዲህ ያሉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የተከፈቱትም አንድ ቀን ነው፣ ሴፕቴምበር 22፣ 1990።

ዊተን ላይ የኦስትሪያ ስልት የሚባለውን ነው የተጠቀሙት። ትንሽ ቆፍረህ ወዲያው ግድግዳው ላይ ኮንክሪት ትረጭበታለህ፣ አለቱ ሳይላላ ራሱን በራሱ እንዲሸከም። ከዚያ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ታለብስና የመጨረሻውን ኮንክሪት ትሞላለህ። እኔ ዋሻ ሥራ ላይ ስለሆንኩ እንዲህ ያለውን ሳወራ መቆሚያ የለኝም፣ ይቅርታ።

ገንዘብ አልቆባቸው ነው ወይ ላልከው፣ በከፊል አዎ።


ጋሽ_ታክሲ፦

ስለ አለቱ ልጅቷ ጥሩ አድርጋ ነግራሃለች። እኔ ስለ ዩ ስትሪት ልንገርህ ልጄ፣ እሱን በዓይኔ ነው ያየሁት።

በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ዲሲ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። ያኔ ታክሲ ላይ ሜትር የሚባል የለም፣ በዞን ነው የምናስከፍለው፤ እሱ የቀረው በፈረንጆቹ 2008 ነው። እና ያን ጊዜ ዩ ስትሪት ሰው ላውርድ የሚል ሹፌር አልነበረም። መንገዱ ተቆፍሯል። አንተ «ቅርብ ነው፣ ትንሽ ወጣ እንዳልን ሰማይ አየን» ያልከው ጣቢያ የተሠራው ከላይ መንገዱን ቆርጦ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጣቢያውን ሠርቶ፣ መልሶ በመድፈን ነው። ታች አለት ስለሌለ፣ አፈር ስለሆነ፣ እንደዚያ ይቀላል። ለመሐንዲሱ ይቀላል ማለቴ ነው። ላይ ሱቅ ላለው ሰው ግን መዓት ነው። ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ ያነጥፉና መኪና በእሱ ላይ ያልፋል፤ ጎማህ ሲረግጠው ድድድድ ይላል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው መሬት ትከዳዋለች ብሎ ይንቀጠቀጣል። አቧራው፣ አጥሩ፣ የተዘጋው መታጠፊያ። እኔ በፍሎሪዳ አቬኑ ዞሬ ነበር የማመልጠው።

ይሄ ሁሉ የደረሰው ደግሞ ቀድሞ በተጎዳ ሰፈር ላይ ነው። ዩ ስትሪት ድሮ «ጥቁር ብሮድዌይ» የሚባል፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። በአፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል አመጹ የተነሳው እዚያው፣ 14ኛውና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። ሱቁ ተቃጠለ፣ ሰው ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የሜትሮ መስመሩ በ7ኛው ጎዳናና በዩ ስትሪት በኩል ይለፍ፣ የተቃጠለው ሰፈር ነፍስ ይዝራ ተብሎ የተወሰነው። ሐሳቡ ደግ ነበር። ችግሩ አረንጓዴውን መስመር የወረፋው ጭራ ላይ አስቀመጡት። ቀዩ መስመር በማርች 27፣ 1976 ተከፈተ። ዱፖንት ሰርክል በጃንዋሪ 1977 ጣቢያውን አገኘ። ዩ ስትሪት እስከ ሜይ 11፣ 1991 ጠበቀ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ልጅ ተወልዶ ሃይ ስኩል ይገባል።

ያም ሆኖ ሲከፈት የመስመሩ ጫፍ ነበር፤ ወደ ላይ፣ ወደ ኮሎምቢያ ሃይትስና ፔትዎርዝ የቀጠለው በ1999 ነው።

ከአመጹ ከተረፉት ሱቆች ብዙዎቹን ቁፋሮው ጨረሳቸው። ደንበኛ በየት ይግባ? ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባለው ምግብ ቤት ግን አልዘጋም። ከ1958 ጀምሮ እዚያው ነው፣ በቁፋሮውም ዘመን በሩ ክፍት ነበር፤ ዛሬ ከ13ኛው መውጫ ስትወጣ መንገዱን ተሻግረህ ታገኘዋለህ። ወረፋውን አይተህ ይሆናል።

እኛ ሐበሾች ያኔ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ነበርን። ኪራዩ ሲወደድ ነው ሰዉ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው የወረደው፤ ባዶ ቤት ሞልቷል፣ ኪራዩ ይቻላል፣ ባቡሩም መጥቷል። በ2000ዎቹ አጋማሽ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባልልን ብለን ስንጠይቅ የቆዩት የሰፈሩ ሰዎች ቅር አላቸው። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው አልፈርድባቸውም፣ ያን ሁሉ የቻሉት እነሱ ናቸው።


አዲስ_ገቢ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ሰፈሩን ሁልጊዜም እንደዚያ የደመቀ መስሎኝ ነበር። አለት ወዳጇ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ፤ የ120 ሜትሩን ስሌት ለእናቴ ነግሬያት «እንኳን አሳንሰር አደረጉት፣ ይባረኩ» ብላለች።

አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ጣቢያዎቹ ለምን እንዲህ ጨለም አሉ? ዓይኔ እስኪለምድ ጊዜ ይወስድብኛል። ደግሞ አንዳንዱ ጣቢያ ሰዉ መሀል ቆሞ ባቡሩ በግራና በቀኝ ያልፋል፣ አንዳንዱ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ጊዜ በተሳሳተው ወገን ወርጄ ባቡሬ በወዲያ በኩል ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ።


ኮንክሪት_አፍቃሪ፦

ጨለማ አትበለው ወንድሜ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ነው፤ ያውም ታስቦበት። ትንሽ ታገሡኝ፣ ይሄ የእኔ ርዕስ ነው።

አርክቴክቱ ሃሪ ዊስ ይባላል፣ የሺካጎ ሰው። በ1966 ሥራውን ሲይዝ መጀመሪያ ያደረገው የሌላ አገር ሜትሮዎችን ዞሮ ማየት ነው። ከዚያ ይዞ የመጣው ሐሳብ፣ ጥያቄህን ሳነብ ያሳቀኝ ይሄ ነው፣ ጣቢያው እንደ አቆፋፈሩ መልኩን ይቀያይር የሚል ነበር። አለት ከሆነ የአለት መልክ፣ አፈር ከሆነ የአፈር መልክ። የዋና ከተማዋን መልክ የሚጠብቅ የኪነ ጥበብ ኮሚሽን አለ፣ እሱ አልተቀበለውም። ለዋሽንግተን የሚመጥን አንድ ዓይነት ታላቅ ቅርጽ አምጡልን አሉ። ቅስቱ ጣሪያ የተወለደው ከዚያ ክርክር ነው። ስለዚህ ዱፖንት ከአለት ቢፈለፈል፣ ጁዲሽየሪ ስኩዌር ከላይ ተቆፍሮ ቢሠራ፣ ተሳፋሪው የሚያየው አንድ ዓይነት ቅስት ነው። እነ ዊተን ላይ ገንዘቡ ሲያጥር ግን የዊስ የመጀመሪያ ሐሳብ ሳይጠሩት ተመልሶ መጣ።

ጣሪያው ላይ ያሉትን አራት ማዕዘን ጎድጓዶች አስተውላችኋል? ልጄ «የማር እንጀራ» ነው የምትላቸው፣ እኔም ከእሷ የተሻለ ስም አላገኘሁላቸውም። ኮንክሪቱን ያቀሉታል፣ ለዓይንም ስፋት ይሰጣሉ። በቀደሙት ጣቢያዎች እዚያው ቦታው ላይ የተሞሉ ናቸው፣ ጎድጓዶቹም ያነሱና የበዙ ናቸው። በኋላ ለወጪ ሲባል ሌላ ቦታ ተሠርተው የመጡ ሰፋፊ ቁራጮችን መግጠም ጀመሩ። ሜትሮ ሴንተርንና ከ1990ዎቹ የአንዱን ጣሪያ አከታትለህ ብታይ ልዩነቱ ወዲያው ይገባሃል።

መብራቱ ደግሞ ወደ ታች አያበራም። አምፖሎቹ በሐዲዶቹ መካከልና ከግድግዳው ሥር ተደብቀው ወደ ጣሪያው ያበራሉ፣ ብርሃኑ ከኮንክሪቱ ተመልሶ ነው የሚደርስህ። ግድግዳው ከምትቆምበት ራቅ ያለውም በዘፈቀደ አይደለም፤ ማንም እጁን ሰዶ እንዳይጽፍበት ነው። መሬቱ ባለ ስድስት ማዕዘን ሸክላ፣ ጠርዙ ግራናይት፣ ባቡር ሲቃረብ በጠርዙ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። የፕላትፎርሙ ርዝመት በሁሉም ጣቢያ 183 ሜትር ነው፣ ስምንት ፉርጎ ያለው ባቡር እንዲቆምበት።

አሁን ስለ ግራና ቀኙ። ሐዲዱ መሀል ሲሆን፣ እንደ ዩ ስትሪት፣ አንድ ቅስት ሁሉንም ይሸፍናል፣ ካርድህን ነክተህ የምታልፍበት ወለል ላይ ቆመህ ገና ሳትወርድ አቅጣጫህን መምረጥ አለብህ። ከወረድክ በኋላ ብትነቃ ተመልሰህ መውጣት ነው። ሰዉ መሀል ሲሆን ግን መጀመሪያ ውረድ፣ ከዚያ አስብ። ሜትሮ ሴንተር ላይ ሁለቱም አሉ፤ ቀዩ ከላይ ሆኖ ሐዲዱ መሀል ነው፣ ሰማያዊው፣ ብርቱካኑና ብርማው መስመር ከሥሩ አቋርጠው ያልፋሉ፣ እነሱ ጋ ሰዉ መሀል ይቆማል። ሁለት ቅስት የሚሻገሩበት ቦታ ስለሆነ ቀና ብለህ እየው፤ ለእኔ ከከተማዋ ሐውልቶች ከብዙዎቹ ይበልጥብኛል። ጋለሪ ፕሌስም እንዲሁ ነው፣ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴና ቢጫው ከታች። ላንፋንት ፕላዛ ላይ ግን አረንጓዴና ቢጫው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እዚያ ተጠንቀቅ፣ ብዙ ሰው የሚምታታበት እሱ ጋ ነው።


የመንታ_እናት፦

ስለ ውበቱ ጥሩ ተናግራችኋል፤ እኔ ስለ አሳንሰር ልናገር። የመንታ ጋሪ እየገፋ ሜትሮ የተሳፈረ ሰው ካለ ይረዳኛል። አንድ ጣቢያ ላይ አሳንሰሩ አልሠራ ብሎ ሁለት ሕፃናት፣ ጋሪና የሰንበት ማኅበር ድፎ ዳቦ ይዤ ግማሽ ሰዓት ቆሜአለሁ። የማላውቀው ሰው ነው ጋሪውን ያነሳልኝ፣ ዳቦውን ግን ለማንም አልሰጠሁም።

ያኔ ተናድጄ ታሪኩን አነበብኩ። በመጀመሪያው ንድፍ አሳንሰር የሚባል ነገር አልነበረም። አካል ጉዳተኞች ፍርድ ቤት ሄደው ነው ያስገቡት። መስመሩ በማርች 1976 ሲከፈት ጋለሪ ፕሌስ አሳንሰሩ ስላልደረሰ እንዳይከፈት ታገደ፤ ባቡሩ ሳይቆም ያልፈው ነበር፣ እስከ ዲሴምበር 15 ድረስ። ለዚህ ነው በድሮዎቹ ጣቢያዎች አሳንሰሩ ከዋናው መግቢያ ርቆ፣ መንገድ ማዶ፣ እንደ ተረሳ ነገር ቆሞ የምታገኙት። በኋላ የተጨመረ ስለሆነ ነው።

አዲስ ገቢ፣ አንተ ፎረስት ግሌን ኤስካሌተር የለውም ብለህ ስትገረም እኔ የምመርጠው ጣቢያ እሱ ነው። እዚያ ሁሉም ሰው በአንድ በር ይገባል፤ ባለ ዊልቸሩም፣ ባለ ጋሪውም፣ የቸኮለውም። ማንም «አንቺ በዚያ በኩል ዙሪ» አይለኝም።


ኢየሩሳሌም_ነኝ፦

ከእስራኤል ሰላም። 60 ሜትር ስትሉ ዝም ማለት አቃተኝ። የእኛው የኢየሩሳሌሙ ይስሐቅ ናቮን ጣቢያ 80 ሜትር ታች ነው፣ በፈረንጆቹ 2018 ነው የተከፈተው። ምክንያቱም ያው አለት ወዳጇ ያለችው ነው። ከተማዋ ተራራ ላይ፣ ፈጣኑ ባቡር ከቴል አቪቭ ሜዳ የሚመጣ፤ ዳገቱን እስከ ላይ መውጣት ስለማይችል ተራራው ሆድ ውስጥ ቆመ። የእኛው ደግሞ ለጦርነት ጊዜ መጠለያ እንዲሆን ተብሎም የተሠራ ነው። እናቴ እዚያ ስትወርድ እንደ አዲስ ገቢ እናት አማተበች አልልም፣ ግን «ሽማግሌዎቹ ኢየሩሳሌም እንወጣለን እንጂ እንወርዳለን አላሉም ነበር» ብላለች።


ፒያሳ_ልጅ፦

ከአዲስ አበባ የመጣህ ሆነህ የእኛን እንዴት ረሳኸው? የቀላል ባቡሩ የሰሜን ደቡብ መስመር ከቃሊቲ መጥቶ ጊዮርጊስ ጋ ሲደርስ ምድር ውስጥ ነው የሚገባው፤ ምኒልክ አደባባይ ሥር ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲጀምር ሰዉ ዋሻውን ለማየት ብቻ ይሳፈር ነበር። ደርሶ መልስ ሄጄበታለሁ፣ ሥራ ሳይኖረኝ። ላይ አደባባዩና ቤተ ክርስቲያኑ ስላሉ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።


አለት_ወዳጇ፦

የኢየሩሳሌሟ እህት በልጣናለች፣ እጅ ሰጥቻለሁ።

ኮንክሪት አፍቃሪ፣ ብርሃኑ ላይ ግን አልስማማም። ንድፉ ውብ ነው፤ ነገር ግን ከታች ወደ ላይ የሚያበራ መብራት የሚሠራው ጣሪያው ንጹሕ ሲሆን ነው። ኮንክሪት ደግሞ የፍሬን ብናኝና አቧራ እየጠጣ ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ብርሃኑን ይውጠዋል። በፈረንጆቹ 2017 ዩኒየን ስቴሽንን ነጭ ቀለም ሲቀቡት የእናንተ ሰዎች ጮኹ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እዚያ ስወርድ የሰው ፊት ይታየኛል።


ኮንክሪት_አፍቃሪ፦

ኮንክሪትን ቀለም ቀብተሽ በየጊዜው ስትቀቢ መኖር ነው፤ ማጠብ ይሻል ነበር። በዚህ ላይ አንታረቅም፣ ይለፈኝ።


ጋሽ_ታክሲ፦

እናንተ ስለ ቀለም ተከራከሩ፣ እኔ ለልጁ መንገዱን ላሳየው። በሚቀጥለው እናትህን ይዘህ ስትመጣ በ13ኛው አትውጣ። ዩ ስትሪት ሁለት ጫፍ አለው። ከባቡሩ ስትወርድ «10ኛው ጎዳና» የሚለውን ምልክት ተከተል። ስትወጣ የጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ሐውልት ፊት ለፊት ታገኛለህ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለተዋጉት በ1998 የቆመ ነው፣ ዙሪያው ባሉት ግድግዳዎች ላይ የ209,145 ሰው ስም ተጽፏል። የጣቢያው ረጅም ስም ውስጥ ያለው «መታሰቢያ» እሱ ነው። እዚያ ትንሽ ቁጭ በሉ፣ እናትህም ይረፉ። ከዚያ 9ኛው አንድ ብሎክ ነው፣ የቡናው ሽታ ራሱ ይወስዳችኋል።


አዲስ_ገቢ፦

እሺ ጋሼ፣ በ10ኛው። እናቴ ግን ሁኔታ አስቀምጣለች፦ ከፎረስት ግሌን ከሆነ ትሄዳለች፣ ዊተንን አትጥሩብኝ ብላለች። ቅዳሜ እንሞክረዋለን።